እምቢ ብትልስ?

ፕሬማም የሚባለውን ፊልም አምስት ጊዜ አይቼዋለሁ። አራቱን ጊዜ ከጓደኞቼ ጋር፣ አምስተኛውን ከታናሽ እህቴ ጋር። ይህ ጽሑፍ የአምስተኛው ጊዜ ጣጣ ነው።

ለማታውቁት ላስተዋውቃችሁ። ፕሬማም በግንቦት 2007 ዓ.ም. የወጣ የማላያላም ፊልም ነው። ማላያላም በደቡብ ምዕራብ ህንድ ያለችው የኬረላ ግዛት ቋንቋ ነው፤ ከ30 ሚሊዮን በላይ ሰው ይናገረዋል። እኛ ጋ ግን ሂንዲውም፣ ታሚሉም፣ ቴሉጉውም፣ ማላያላሙም በቃ «የህንድ ፊልም» ነው። የስሙ ትርጉም «ፍቅር» ማለት ነው። አልፎንስ ፑትረን ጽፎታል፣ ዳይሬክት አድርጎታል፣ ኤዲቱንም ራሱ ሠርቶታል። ታሪኩ ሲነገር ቀላል ነው፤ ኒቪን ፖሊ የሚጫወተው ጆርጅ የሚባል ልጅ በሦስት ዕድሜው ሦስት ሴቶችን ይወዳል። ጎረምሳ ሳለ ሜሪን፣ ኮሌጅ ሲገባ ማላርን፣ ጎልምሶ ኬክ ቤት ሲከፍት ደግሞ ሴሊንን። መጨረሻውንም ጭምር ልናገር ስለሆነ ያላያችሁት ይቅር በሉኝ፤ ፊልሙ ከወጣ አሥር ዓመት አልፎታል።

አስቀድሜ አቋሜን ላስቀምጥ። ፕሬማም ጥሩ ፊልም ነው። ከአብዛኞቹ የአማርኛ የፍቅር ፊልሞች በብዙ ይበልጣል። ግን ልቡ ውስጥ አንድ ውሸት አለበት፤ እኛ ደግሞ ጥሩውን ትተን ውሸቱን ነው የወሰድነው። የምጣላው በዚህ ነው።

መጀመሪያ ያየሁት በ2010 ዓ.ም. ኮምቦልቻ ግቢ፣ ኢንጂነሪንግ ስማር፣ ዶርም ውስጥ ነው። ኮምቦልቻ ማለት እኛ የደሴ ልጆች ሐረጎን ወርደን ስንደርስ ጃኬታችንን የምናወልቅባት ከተማ ናት። ስድስት ሆነን ሁለት አልጋ ላይ ተደርድረናል፤ አንድ ስክሪኑ ጥጉ ላይ የተሰነጠቀ ላፕቶፕ፣ ድምፁ ማላያላም፣ ከታች የእንግሊዝኛ ሰብታይትል። በነጋታው ፈተና ነበረን። ፊልሙ ሲያልቅ ግን ማንም ከአልጋው አልተነሳም። አንዱ «አቦ ድገመው» አለና ከመሃል ጀምሮ ደገምነው።

ለምን እንደያዘን አሁን ይገባኛል። ያደግነው በትርጉም ፊልም ነው። ቪዲዮ ቤት ገብተን፣ ወይ ሙዚቃ ቤት ፍላሽ አስጭነን፣ አንድ ሰው ከላይ እያወራበት። ተርጓሚው ጎበዝ ነው፤ ያስቃል፣ ይሳደባል፣ የሰፈራችንን ቀልድ ይጨምርበታል። አስተውላችሁ ከሆነ ግን የወንዱንም የሴቷንም ንግግር የሚያወራው እሱ ነው። አክተሩ «እወድሻለሁ» ሲል በዚያ ጎርናና ድምፅ ነው፤ አክትረሷ «ተወኝ» ስትልም በዚያው ጎርናና ድምፅ ነው፣ እሱም ትንሽ ቀልድ ጣል ተደርጎበት። ስንት ዓመት ሙሉ የሴት ልጅ «ተወኝ» በወንድ አፍ፣ በቀልድ ተለውሶ ሰማን። ፕሬማምን ዶርም ውስጥ ሳየው ሴቶቹ በራሳቸው ድምፅ ሲናገሩ ነው የሰማኋቸው። ቋንቋውን አንዲት ቃል ባላውቅም።

አሁን ጥሩ ጎኖቹን ልናገር፤ ከልቤ ነው።

የመጀመሪያው ሰዎቹ ናቸው። ጆርጅ እኛን ይመስላል። ቪላ የለውም፣ የኩባንያ ወራሽ አይደለም፣ ከውጭ ሀገር አልመጣም። ሻምቡና ኮያ የሚባሉ ሁለት ጓደኞች አሉት፤ የትም አብረውት ይሄዳሉ፣ ይቀዳሉ፣ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ። ከሦስቱም የፍቅር ታሪኮች በላይ በፊልሙ ውስጥ የማይቋረጠው ፍቅር የነዚህ የሦስቱ ጓደኝነት ነው። እንዲህ ያለ ጓደኝነት አማርኛ ፊልም ላይ ብዙ ጊዜ ምን ይሆናል? ጓደኛው ምክር ሊሰጥና ሊያስቅ ይገባል፣ ሥራው ሲያልቅ ይጠፋል። የራሱ ሕይወት የለውም።

ሌላው ቦታው ነው። ታሪኩ አሉቫ የምትባል ከተማ ውስጥ ነው፤ ኮቺ አጠገብ፣ ፔሪያር ወንዝ ዳር። ካሜራው ከተማዋን ያውቃታል። ዝናቡን፣ ወንዙን፣ ጠባቡን መንገድ። ሜሪ የምትሄድበት ከፍ ብሎ የተሠራ ጠባብ የሲሚንቶ የውሃ መስመር አለ፤ ፊልሙ ከወጣ በኋላ ሰው «የፕሬማም ድልድይ» እያለ ፎቶ ሊነሳ ይጎርፍበት ጀመር። እኔ ደግሞ ያደግኩት ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ የሚባል ሰፈር ነው። እኛም ዝናብ አለን። ከሰዓት በኋላ ከጦሳ ወርዶ አስፋልቱን የሚሸፍን ጉም አለን። በስሙ ውሃ ያለበት ሰፈር አለን፤ ካሜራ ግን የለንም። ከአራቱ ዋና ዋና የሙዚቃ ቅኝቶቻችን ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ የወሎ ቦታ ስም ናቸው። ለዘፈን ሲሆን ወሎ የፍቅር ሀገር ነው ይባላል፤ ለፊልም ሲሆን ግን ፍቅር አዲስ አበባ፣ አንድ ግቢው ንጣፍ የለበሰ ቪላ ውስጥ ብቻ የሚይዝ በሽታ ይመስላል።

ቀጥሎ የማላር ፊት። ማላርን የምትጫወተው ሳይ ፓላቪ ናት፤ እንደ ሜሪዋ አኑፓማ ፓራሜስዋራንና እንደ ሴሊኗ ማዶና ሰባስቲያን ሁሉ፣ በዋና ገጸ ባህሪነት ሰው ያወቃት በዚህ ፊልም ነው። ጉንጯ ላይ ብጉር አለ። አልደበቁትም። ካሜራው ተጠግቶ ያሳየዋል፤ ከዚያ ጆርጅ ይወዳታል፣ እኛም ወደድናት። ይህቺ ትንሽ ነገር ስንት መስታወት ፊት የቆመች ልጅ ነጻ እንዳወጣች ሴቶቹን ጠይቁ። እኛ ጋ ገጸ ባህሪዋ ከእንቅልፏ ስትነሳ እንኳ ሊፕስቲኳ አይነካም።

ከሁሉ የምወደው ግን ይሄ ነው፦ በፕሬማም ፍቅር ማጣት የዓለም መጨረሻ አይደለም። ጆርጅ ሜሪን አጣት፤ አደገ። ማላርን አጣት፤ ተሰበረ፤ ከዓመታት በኋላ ኬክ ይጋግራል። መርዝ አልጠጣም፣ ማንንም አልገደለም። ጊዜ ያልፋል፣ ቁስል ይድናል፣ ሰው ይቀጥላል። ፊልሙ ቼናይ ከተማ፣ ታሚል ተናጋሪዎች መሃል፣ ሳይተረጎም ከ200 ቀን በላይ ሲኒማ ቤት ቆይቷል። ቋንቋ ሳይገባ የሚገባ ነገር አለው ማለት ነው። እኛም ኮምቦልቻ የገባን እሱ ነው።

እሺ። አሁን ወደ አምስተኛው ጊዜ።

የምሠራው አዲስ አበባ ነው፤ ሶፍትዌር። ካቻምና ክረምት ለእረፍት ደሴ ሄድኩ። ዝናቡ አላስወጣ ሲለን ለእህቴ «አንድ ፊልም ላሳይሽ» አልኳት። ብርድ ልብስ ደርበን፣ እናታችን ቡና እያፈላች፣ ከፈትነው። የሜሪ ክፍል መጣ። ሜሪ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ልጆቹ ይከተሏታል። ጆርጅና ጓደኞቹ ብቻ አይደሉም፤ የሰፈሩ ጎረምሳ ሁሉ ነው። ሙዚቃው ደስ ይላል፣ ብርሃኑ ወርቃማ ነው፣ ቢራቢሮ ይበራል። ቀልዱ የት ጋ እንደሚመጣ ስለማውቅ ቀድሜ ሳቅኩ።

እህቴ አልሳቀችም። «ስንት ናቸው?» አለችኝ።

«እነማን?»

«የሚከተሏት። እስቲ ቁጠር።»

አቁሜ ቆጠርኩ። ወንድ ልጅ ሆኖ ያንን ትዕይንት የቆጠረ ሰው አላውቅም። ስትቆጥሩት ሙዚቃው አይሰማችሁም፤ አንዲት ልጅ፣ ደብተር የታቀፈች፣ ከኋላዋ ደግሞ የወንድ መዓት።

«ዘጠነኛ ክፍል እያለሁ በላይኛው መንገድ እዞር የነበረው ለምን ይመስልሃል?» አለች።

እኔ ለጓደኛዋ ብላ ይመስለኝ ነበር። እንዲያውም እቀልድባት ነበር፤ «የደሴን ዳገት የምትወድ ብቸኛዋ ሰው» እያልኩ። ለካ ታችኛው መንገድ ላይ፣ ግንቡ ሥር፣ ልጆች ይቆሙ ነበር። የነካት የለም። የሰደባትም የለም። ብቻ ትወጣለች፣ ይነሳሉ፣ ይከተላሉ። አንድ ዓመት ሙሉ በየቀኑ ሃያ ደቂቃ ጨምራ ዳገት ወጣች፤ ለእኔም ለእናቴም አልነገረችም። «ብነግራችሁ ምን ታደርጉ ነበር? አንተ ትደባደባለህ፣ እማ ደሞ 'አንቺ ምን አሳይተሻቸው ነው?' ትለኛለች» አለች። እናቴ ቡናዋን እያማሰለች ዝም አለች። ነገሩ እውነት ስለሆነ።

ይባስ ብሎ፣ በዚያው ዓመት እኔና ሁለት ጓደኞቼ አንዲት ልጅ ከትምህርት ቤት እስከ በሯ እየተከተልን እንሸኛት ነበር። «መሸኘት» ነው የምንለው። ወላሂ አንድ ክፉ ቃል ተናግረናት አናውቅም። ጨዋነታችን እሱ ነበር፤ ዝም ብለን ነው የምንከተላት። እሷ ደግሞ አንድ ቀን ዞር ብላ አይታን አታውቅም፤ እኛ ይህንን «አፍራ ነው» ብለን ተረጎምነው። ትርጉም ፊልም አድገን እንዴት አንተረጉም!

አማርኛ ለዚህ ነገር ሁለት ጥሩ ቃላት አሉት፤ ጅንጀናና ለከፋ። ጅንጀና ጨዋታ ነው፣ ሁለት ሰው ይጫወተዋል። ለከፋ የአንድ ወገን ነው። ችግሩ ለካፊ ነኝ የሚል ወንድ አለመኖሩ ነው። ሁላችንም ጀንጃኝ ነን፤ ለካፊው ሁሌ ሌላው ልጅ ነው። እንዴት እንለየው ታዲያ?

ሥራዬ ላይ አንድ ልማድ አለ። አንድ ፕሮግራም ስጽፍ የጠበቅኩት መልስ ሲመጣ መሥራቱ ምንም አያረጋግጥም። ያልጠበቅኩት ሲመጣስ? ዳታው ባዶ ቢሆንስ? ኔትወርኩ ቢቋረጥስ? ሁልጊዜ «አዎ» ብቻ የተመለሰለት ፕሮግራም ቴስት አልተደረገም ማለት ነው። የፍቅር ፊልምም እንደዚሁ ነው። ጥያቄው አንድ ነው፦ እምቢ ብትልስ? እምቢ ብትል ፊልሙ ምን ያደርጋል? ልጁስ ምን ያደርጋል? ሙዚቃውስ?

ፕሬማምን በዚህ ቴስት እናስገባው።

ሜሪ። ሜሪ በመጨረሻ ትናገራለች፤ ሌላ ልጅ እንደምትወድ፣ የሱም ስም ጆርጅ እንደሆነ፣ ይባስ ብሎ ጆርጃችን እንዲረዳት ትጠይቀዋለች። ቀልዱ ያስቃል፤ ፊልሙንም ላመስግነው፣ ልጁ አልደነፋም፣ አልዛተም፣ ተቀበለ። በጎረምሳ ላይ የሚስቅ ቀልድ ነው። ግን ከዚያ ቀልድ በፊት ያየነው ሁሉ፣ መንጋው፣ መከተሉ፣ በሯ ድረስ መሄዱ፣ እንደ ጣፋጭ ትዝታ ነው የተቀረጸው። ካሜራው ከኋላዋ ነው፤ ከወንዶቹ ጋር ነው የሚሄደው። እኛ ሥራ ላይ ችግር ተገኝቶ ባለቤቱ ሊያስተካክለው ካልፈለገ «ይሄ ባግ አይደለም፣ ፊቸር ነው» ይላል። መከተል በፕሬማም ባግ አይደለም፣ ፊቸር ነው።

ማላር። እሷ አስተማሪ ናት፣ ጆርጅ ተማሪ። ይህ በራሱ ብዙ ጥያቄ ያስነሳ ነበር። ትፈልገዋለች? ሥራዋስ? ቤተሰቦቿስ? አንድ የበሰለች ሴት ተማሪዋን ብትወድ ምን ትወስናለች? ሙሉ ፊልም የሚወጣው ጥያቄ ነው። ፊልሙ ግን ከጥያቄው አመለጠ። ማላር ከአጎቷ ልጅ ጋር ስትጓዝ አደጋ ይደርስባታል፣ ትዝታዋ ይጠፋል፣ ጆርጅን አታውቀውም። በቃ። አዎም እምቢም ሳትል ዴሊት ተደረገች። እኛ ዶርም ውስጥ አለቀስን፤ ለማን እንዳለቀስን ግን ልብ በሉ፤ ለጆርጅ ነው። ጭንቅላቷ የተመታው እሷ፣ ያለቀስነው ለሱ! መጨረሻ ላይ በሠርጉ ቀን ከባሏ ጋር ትመጣለች፤ ትዝታዋ እንደተመለሰ ፊልሙ ፍንጭ ይሰጠናል፣ እሷ ግን ዝም ትላለች። ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ በሚረዝም ፊልም ውስጥ ማላር በራሷ የወሰነችው ትልቁ ውሳኔ ዝም ማለት ነው።

ሴሊን። ጆርጅ ሜሪን ሲከተል ሴሊን ትንሽ ልጅ ነበረች፤ እዚያው አካባቢ ነበረች። ይህ ብቻውን ትንሽ ይቆረቁራል። ጎልምሶ ሲያገኛት ታጭታለች። እሺ፣ ትመርጥ ይሆን? አትመርጥም። እጮኛዋ መጥፎ ሰው ሆኖ ተገኘ፤ መንገዱ ተጠረገ። እጮኛዋ ደህና ሰው ቢሆንስ? ሴሊን ሁለት ደህና ወንዶች መሃል ቆማ «እኔ የምፈልገው ይህንን ነው» ብትልስ? ፊልሙ ያንን ትዕይንት ሊጽፈው አልደፈረም።

ሦስቱንም ደምሩት። አንደኛዋ ከተናገረች በኋላ ከታሪኩ ወጣች፣ ሁለተኛዋን አደጋ ወሰነላት፣ ሦስተኛዋን የእጮኛዋ ክፋት። ውሸቱ ይሄ ነው። ስለ ፍቅር እያወራ ከሁለቱ ሰዎች የአንዷን ፈቃድ የሚፈራ ፊልም ነው።

አሁን ስድቡ ሊመጣ ነው፤ ስለዚህ ቀድሜ ልመልስ።

«አንተ ደሞ፣ ፊልም እኮ ነው!» የሚለው የመጀመሪያው ነው። እሺ ፊልም ነው። ፕሬማም ሲወጣ የኬረላ የኮሌጅ ወንዶች ጥቁር ሸሚዝ በነጭ ሽርጥ ለብሰው ግቢ ሞሉ፤ ጆርጅ ስለለበሰው። እኛም ዶርም ውስጥ ጢም ያሳደግነው ብርድ ስለነበር አይደለም፤ ኮምቦልቻ ነው ያለነው! ሸሚዙና ጢሙ ከተጋባብን አካሄዱ የማይጋባብን ለምንድን ነው?

ሁለተኛው፦ «ይህ የህንድ ነገር ነው፣ የኛ ባህል እንዲህ አይደለም።» በዚህ ላይ እንኳ ተዉኝ። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕጋችን ጠላፊ የጠለፋትን ልጅ በሕግ ካገባት ከክስ ያድነው ነበር። ይህ ቀዳዳ የተደፈነው በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ ነው፤ ማለትም እኔ ትምህርት ቤት ከገባሁ በኋላ። ዘረሰናይ ብርሃኔ መሐሪ በ2006 ዓ.ም. የጠለፋን ጉዳይ ፊልም ሲያደርገው ስሙን «ድፍረት» ያለው በከንቱ አይደለም። አንድ ቃል ነው፤ ጀግንነትም ማለት ነው፣ ሴት ልጅን መድፈርም ማለት ነው። ቋንቋችን ራሱ ሁለቱን መለየት የተቸገረ ይመስላል። ግንብ ሥር ቆሞ የሚከተልና ፈረስ አስጭኖ የሚጠልፍ አንድ ናቸው እያልኩ አይደለም። ሁለቱም ግን የሷን መልስ አይጠብቁም። አንዱ መልሱን ይነጥቃል፣ ሌላው ደግሞ እንደፈለገ ይተረጉመዋል።

ደግሞ ባህል ካላችሁ ሙሉውን አምጡት። ለጥምቀት ሎሚ መወርወር እየተባለ ሲነገረን ነው ያደግነው። ልጁ ሎሚ ይወረውራል፤ ልጅቷ ካነሳችው ፈቅዳለች፤ ካላነሳችው ሎሚው መሬት ላይ ይቀራል። ጨዋታው ያማረው ሎሚው መሬት ላይ መቅረት ስለሚችል ነው። ሎሚውን አንስቶ ቤቷ ድረስ እየተከተለ ደጋግሞ የሚወረውር ሰው በባህሉም ቢሆን ጥምቀት እያከበረ አይደለም።

ሦስተኛው፦ «እንዲህ ከሆነ ወንድ ልጅ እንዴት ይጠይቅ? ፍቅር ሊጠፋ ነው።» አብሽሩ፣ አይጠፋም። ጠይቁ። ፊት ለፊት፣ በቃል፣ መሄጃ ባላት ቦታ ጠይቁ፤ ከዚያ የሰማችሁትን ስሙ። ይህን ለማለት ከውጭ የመጣ ንድፈ ሐሳብ አያስፈልገኝም። ፍቅር እስከ መቃብር አለ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ነው፤ ብዙዎቻችን ከማንበባችን በፊት በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ የሰማነው፣ አሁን ደግሞ በቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ የቀረበ። እዚያም አስተማሪና ተማሪ አሉ፤ በዛብህ አስተማሪ፣ ሰብለ ወንጌል ተማሪ። እዚያም ቤተሰብ አለ፣ ክልከላ አለ፣ መለያየት አለ። ግን ሰብለን መኪና ገጭቶ ትዝታዋን አላጠፋላትም። ሰብለ የፊታውራሪ መሸሻን ቤት ጥላ፣ ወንድ መስላ፣ በእግሯ ፍለጋ ወጣች። መጨረሻው ያማረ አይደለም፤ እናውቃለን። መንገዱን የመረጠችው ግን እሷ ናት። ባላባት በነገሠበት ዘመን ላይ የተጻፈች ልጅ ከማላር ይልቅ ትወስናለች። ታዲያ የአማርኛ የፍቅር ፊልም ጸሐፊዎች ቤት ውስጥ ያለችውን ሰብለን ረስተው ምን ፍለጋ ነው የሚሄዱት?

እዚህ ጋ ነው የኛዎቹን የምወቅሳቸው። ከህንድ ፊልም ስንወስድ የወሰድነው ምንድን ነው? የልጁን «አልለቅሽም» ማለት። አሥር ጊዜ እምቢ ብላው አሥራ አንደኛው ላይ በዝናብ ቆሞ የሚያሸንፈውን። እምቢታዋ እንደ በር ቁልፍ ተቆጥሮ፣ ታግሎ የከፈተ ሁሉ ጀግና ተብሎ የሚጨበጨብለትን። ያልወሰድነው ደግሞ ጓደኝነቱን፣ ብጉሩን፣ ወንዙን፣ የጊዜውን ርዝመት፣ ተሸንፎ በሕይወት መኖርን። ውድ የሆነውን ትተን ርካሹን ገዛን።

የመጀመሪያው የአማርኛ ረዥም ፊልም ተብሎ የሚታወቀው፣ በ1957 ዓ.ም. የወጣው፣ ስሙ «ሂሩት አባቷ ማን ነው» ይባላል። ርዕሱ ስለ ሴት ልጅ ይጠይቅና ወዲያው ጥያቄውን ወደ አባቷ ያዞረዋል። ከ60 ዓመት በኋላም ብዙ ፊልሞቻችን ላይ የምንጠይቀው ይህንኑ ነው፤ የማን ልጅ ናት፣ የማን ትሆናለች። ራሷን «አንቺስ?» የሚላት የለም።

የሚገርማችሁ፣ ይህንን ክርክር ኬረላዎቹ ራሳቸው ጀምረውታል። በ2017 እ.ኤ.አ. አንዲት ታዋቂ ተዋናይት ታፍና ጥቃት ከደረሰባት በኋላ የማላያላም ሲኒማ ሴቶች የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ፤ መንግሥትም በሲኒማው ውስጥ ሴቶች የሚሠሩበትን ሁኔታ የሚያጠና ኮሚቴ ሰየመ፣ ሪፖርቱ በ2024 ለሕዝብ ወጣ። ፊልሞቻቸውም መለወጥ ጀመሩ። በ2019 የወጣው ኩምባላንጊ ናይትስ ላይ ሻሚ የሚባል ሰው አለ፤ ጢሙ የተከረከመ፣ ቤቱ ንጹሕ፣ ራሱን የተሟላ ወንድ አድርጎ የሚያይ። በሌላ ፊልም ቢሆን ዋናው ጀግና እሱ ነበር። እዚያ ግን የሚያስፈራው እሱ ነው። ከፕሬማም እስከ ኩምባላንጊ አራት ዓመት ነው። ራሳቸውን ቴስት አደረጉ፣ ስህተቱን አገኙ፣ ደግመው ጻፉ። እኛ ፕሬማም ላይ ቆመናል፤ ያውም ብጉሩን ደብቀን።

ስለዚህ ፊልም ለምትጽፉ ጓደኞቼ የምለው ይሄ ነው። ቧንቧ ውሃ ኑ። ትምህርት ቤት ሲለቀቅ፣ ጉሙ ሲወርድ፣ አንዲት ልጅ ደብተሯን ታቅፋ ስትወጣ ካሜራውን ከኋላዋ ሳይሆን ከአጠገቧ አድርጉት። የምታየውን እንይ። ግንቡ ሥር የቆሙትን በሷ ዓይን እንያቸው፤ የትኛውን መንገድ እንደምትመርጥ፣ ለምን እንደምትመርጥ። ከዚያ አንድ ልጅ ይምጣና ይጠይቃት። እምቢ ካለችው ይሂድና ኬክ ይጋግር፤ ታሪኩ እሷን ይከተል። እሺ ካለችው ደግሞ እሺታዋ የሷ እንደሆነ ስለምናውቅ ያኔ ከልባችን እናጨበጭባለን። እምቢ ማለት የማትችል ሴት እሺ ብትል ምን ዋጋ አለው?

እህቴ ፊልሙን እስከ መጨረሻው አየችው፤ ጠላሁት አላለችም። የማላርን ፊት ወደደችው፣ በሻምቡና በኮያ ሳቀች፣ አደጋው ጋ ስትደርስ «ኧረ ምን አደረገቻቸው?» ብላ ተናደደች። ሲያልቅ «ፍላሼ ላይ ጫንልኝ» አለችኝ። ጫንኩላት።

እሷ በየት በኩል ትዞር እንደነበር አሁን አውቃለሁ። እኛ የተከተልናት ልጅ በየት በኩል ትዞር እንደነበር ግን እስከ ዛሬ አልጠየቅኳትም።